ከጠርዝ ወደ መሐል፦ የሚመሳሰሉ ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣዎችን መለየት

በሞቃት ባሕር፣ በኮራል ሪፍ ላይ፣ ሰማያዊ ጀርባ፣ ጥቁር መስመሮችና ብርቱካናማ ጠርዝ ያላት ጣት የማታክል ፍጡር ብታዩ ቀለሟን ብቻ ይዛችሁ ስሟን ልትጠሩ አትችሉም። ይህን መልክ የሚጋሩት የክሮሞዶሪስ ወገን ዝርያዎች ብዙ ናቸው። መጽሐፍ ገልጦ፣ ወይም ፎቶ አይቶ ስም ለሚሰጥ መተግበሪያ አስገብቶ፣ "ይቺን ትመስላለች" ብሎ መምረጥ በጣም የተለመደው ስሕተት ነው። ዓይን ቶሎ የሚያርፈው በደማቁ ቀለም ላይ ነው፤ ዝርያዎቹ የሚጋሩት ደግሞ ያንኑ ደማቅ ቀለም ነው። ስለዚህ አያያዙን መገልበጥ ያስፈልጋል፦ መጀመሪያ ጠርዙን፣ ቀጥሎ ቀንዶቹንና ስንጥቡን፣ በመጨረሻ የጀርባውን ሥዕል ማንበብ።

ለምን ይመሳሰላሉ?

እነዚህ ቀንድ አውጣዎች በእጭነታቸው የነበራቸውን ዛጎል ጥለው ነው የሚያድጉት። መሸሸጊያ ስለሌላቸው ብዙዎቹ ከሚበሉት ስፖንጅ ያገኙትን መርዛማ ወይም መራራ ኬሚካል በሰውነታቸው ያከማቻሉ። ደማቁ ቀለም "አትንኩኝ" የሚል ማስታወቂያ ነው። አንድ ዓሣ አንዷን ቀምሶ ከተፋ በኋላ ያንኑ ልብስ የለበሰችውን ሁሉ ስለሚሸሽ፣ በአንድ ሪፍ ላይ የሚኖሩ መርዛማ ዝርያዎች አንድ ዓይነት ልብስ መልበሳቸው ሁሉንም ይጠቅማል። የመመሳሰላቸው ዋና ምክንያት ይህ ነው።

በምሥራቅ አውስትራሊያ የምትገኘው ጎኒዮብራንከስ ስፕሌንዲደስ ነጭ ጀርባ፣ ቀይ ነጥቦችና ቢጫ ጠርዝ አላት። ትሪገርፊሽ በሚባል ዓሣ ላይ በተደረገ ሙከራ ዓሣው መራራውን ጣዕም ያያያዘው ከቢጫው ጠርዝ ጋር ነበር፤ ቀዮቹን ነጥቦች ከቁም ነገር አልቆጠራቸውም። በባሕሩም ውስጥ ያለው ነገር ከዚህ ጋር ይስማማል፦ ነጥቦቹ ከቦታ ቦታ በቁጥርም በቅርጽም በጣም ይለያያሉ፣ ቢጫው ጠርዝ ግን አይለወጥም። ለመለየት ለሚሞክር ሰው ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጠርዙ በአንድ ዝርያ ውስጥ የጸና ስለሆነ፣ ያልሆነውን ዝርያ ከዝርዝራችሁ ለማስወጣት ከነጥብ ቁጥር ይልቅ አስተማማኝ ነው። ተመሳሳይ ጠርዝ ያላቸውን እርስ በርስ ለመለየት ደግሞ ወደ አካላቱ እንሄዳለን።

አካላቱና ስማቸው

ጀርባዋን እንደ ልብስ የሚሸፍነውን ሥጋ ካባ እንበለው። በራሷ ላይ የቆሙት ሁለት ቀንዶች ራይኖፎር ይባላሉ፤ ጠረን የምትለይባቸው ናቸው። በብዙዎቹ ዝርያዎች ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ቀጫጭን እጥፋቶች አሏቸው። ከአፏ ግራና ቀኝ ያሉት አጫጭር ወይም ረጃጅም ጣቶች የአፍ ዳሰሻዎች ናቸው። ስንጥቡ፣ ማለትም የምትተነፍስበት አካል፣ በክሮሞዶሪሶችና በመሰሎቻቸው በጀርባ የኋለኛ ክፍል ላይ በፊንጢጣ ዙሪያ እንደ አበባ ይከፈታል። ኑዲብራንክ የሚለው የቡድኑ መጠሪያ ትርጉሙም "እርቃኑን የሆነ ስንጥብ" ነው።

ወደ ዝርያ ከመውረዳችሁ በፊት ቡድኑን ለዩ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ስንጥቡ የት ነው? በጀርባ ላይ እንደ አበባ ከተከፈተ ዶሪድ ነች። ጀርባዋ በጣት መሰል ዘለላዎች፣ ማለትም በሴራታ፣ ከተሞላ ኤኦሊድ ነች። ጀርባዋ ጉብታ ብቻ ሆኖ ስንጥብ ከላይ ካልታየ ፊሊዲድ ልትሆን ትችላለች፤ የእነዚህ ስንጥብ በካባውና በእግሩ መካከል፣ ከሥር የተደረደሩ ቅጠል መሰል ነገሮች ነው። የጎን ክንፎቿን ወደ ላይ አጥፋ እንደ ቅጠል የምትመስለውና ቀንዷ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ለስላሳ የሆነው ኤሊሲያ ደግሞ ከነጭራሹ ኑዲብራንክ አይደለችም፤ አልጌ የምትመጥ የሌላ ቡድን አባል ነች።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የክሮሞዶሪስ ቤተሰብ አባላት ሲነኩ ወይም ኃይለኛ የውኃ ግፊት ሲመታቸው ስንጥባቸውን ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ ይሰበስባሉ። በዚያ ቅጽበት ያነሣችሁት ፎቶ "ስንጥብ የላትም" ያሰኝና ወደ ተሳሳተ ቡድን ይመራል። በጀርባዋ የኋለኛ ክፍል ላይ ትንሽ ክብ ከንፈር ካያችሁ ስንጥቡ እዚያ ውስጥ ነው። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ሳትነኩ፣ መብራቱን ዞር አድርጋችሁ ጠብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሳ ታወጣዋለች። ኔምብሮታ የተባለውን ወገን የመሳሰሉት ግን የሚሰበስቡበት ኪስ የላቸውም፤ ስንጥባቸው ቢኮማተርም አይጠፋም።

ባለ ጥቁር መስመሮቹ ክሮሞዶሪሶች

ብዙ ስሕተት የሚሠራው በዚህ ወገን ላይ ነው። ክሮሞዶሪስ አኔ እና ክሮሞዶሪስ ኤሊዛቤቲና ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው፣ ሁለቱም ጥቁር መስመርና ብርቱካናማ ቀለም አላቸው፤ ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በ1877 ለሳይንስ የገለጻቸው ሩዶልፍ በርግ ነው። የሚለዩት ሰማያዊውን ክፍል በቅርብ ስታዩ ነው። በአኔ ላይ ሰማያዊው እንደ ቁንዶ በርበሬ ዱቄት በተነሰነሱ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች የተሞላ ነው፤ በኤሊዛቤቲና ላይ ሰማያዊው ንጹሕ ነው። የመሐል መስመሩም ይረዳል፦ በኤሊዛቤቲና ላይ በጀርባ መሐል የሚወርድ ጥቁር መስመር አብዛኛውን ጊዜ አለ፣ በአኔ ላይ ብዙውን ጊዜ በቀንዶቹ መካከል ባለ አጭር ጭረት ያበቃል ወይም ጨርሶ የለም። ከሁለቱ ምልክቶች የምንተማመነው በመጀመሪያው ነው፤ መስመር ይቆራረጣል፣ ይቀጠላል። ችግሩ ደግሞ ጥቃቅኖቹ ነጥቦች ከሩቅ በተነሣ ወይም በደበዘዘ ፎቶ ላይ አለመታየታቸው ነው። ሰማያዊው ክፍል ስክሪኑን ሲሞላ ጥርት ብሎ የማይታይ ከሆነ በዚያ ፎቶ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ አለመፍረድ ይሻላል።

ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ ጀርባ ላይ ጥቁር መስመር ያላቸው ሦስቱ፣ ማለትም ሎኪ፣ ዊላኒ እና ዲያኔ፣ ጀርባቸው ሲታይ እኅትማማች ይመስላሉ። መልሱ ያለው በቀንዶቹና በስንጥቡ ላይ ነው። ዊላኒ ብርሃን በሚያሳልፈው ቀንዷና ስንጥቧ ላይ እንደ ስኳር የተበተኑ ነጫጭ ነጥቦች አሏት። የሎኪ ቀንድና ስንጥብ ነጥብ የለሽ፣ ወጥ ቀለም ያለው ነው። ዲያኔ በጀርባዋ ላይ የተረጩ ነጫጭ ነጥቦች አሏት፣ የቀንዷና የስንጥቧ ጫፍም ወደ ቢጫና ብርቱካናማ ይሄዳል። እዚህ ላይ የሚፈጸመው ስሕተት የፎቶ ነው፦ ፍላሹ ሲበረታ የዊላኒ ነጫጭ ነጥቦች በነጭ ብርሃን ውስጥ ይዋጡና ሎኪ ሆና ትመዘገባለች።

ማግኒፊካ እና ኳድሪኮሎርም በጠርዛቸው ይቀራረባሉ፦ ሁለቱም ሰፊ ብርቱካናማ ቀበቶና ከእሱ ውጪ ነጭ ጠርዝ አላቸው። ኳድሪኮሎር የቀይ ባሕርና የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ናት፤ ማግኒፊካ የምዕራብ ፓስፊክ ናት። ከቀይ ባሕር የመጣ ፎቶ ላይ "ማግኒፊካ" ተብሎ ከተጻፈ መጀመሪያ መጠራጠር ያለባችሁ ስሙን ነው። ቦታ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ ማስረጃ ግን ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ሳይጽፈው ያልፋል።

ነጥብ ያላቸው፣ ቀንዳቸው የሚለያቸው

ጎኒዮብራንከስ ኩኒኢ እና ጎኒዮብራንከስ ጌሚነስ ክሬም መሰል ጀርባ ላይ ፈዛዛ ቀለበት ያላቸው ሐምራዊ ነጥቦች አሏቸው። ሁለቱም ሲሄዱ የካባቸውን ጠርዝ ወደ ላይ ያነሣሉ፣ መልሰውም ያወርዳሉ፤ ስለዚህ እንቅስቃሴው አይለያቸውም። ጠርዙን ከውጭ ወደ ውስጥ ቁጠሩ። የጌሚነስ የመጨረሻው የውጭ ቀበቶ ነጭ ነው። የኩኒኢ ጠርዝ ደግሞ ሐምራዊ ነው፤ ከውጭ የሚከበው ነጭ ቀበቶ የለውም። ሃይፕሰሎዶሪስ ትራዮኒም እንዲሁ ሐምራዊ ነጥብና ሐምራዊ ጠርዝ ስላላት ከእነዚህ ጋር ትደባለቃለች፤ የእርሷ አካል ግን ረዘምና ከፍ ያለ ነው፣ ካባዋም ጠባብ ሆኖ የእግሯ ጅራት ከኋላ በግልጽ ወጥቶ ይታያል።

ሌላ ጥንድ፦ ጎኒዮብራንከስ ጂኦሜትሪከስ እና ጎኒዮብራንከስ ኮንኪሊያተስ። ሁለቱም ጀርባቸው በነጫጭ ጉብታዎችና በመካከላቸው በሚሄድ ጥቁር መረብ ተሸፍኗል። የጂኦሜትሪከስ ቀንድና ስንጥብ ወደ አረንጓዴ ያዘነበለ ነው፤ የኮንኪሊያተስ ወደ ቀይና ሮዝ። ይኸው ነው፤ ሌላ መድከም አያስፈልግም።

ፊሊዲዶች፦ ከሥር ማየት

ፊሊዲያ ቫሪኮሳ በላማርክ እ.ኤ.አ. በ1801 የተገለጸች፣ ሰማያዊ ግራጫ ሸንተረርና ቢጫ ጫፍ ያላቸው ጉብታዎች ያሏት ናት። ፊሊዲያ ኮኤሌስቲስ ከላይ ስትታይ በጣም ትቀርባታለች። ዋናው ልዩነት ከሥር ነው፦ የቫሪኮሳ የእግር መርገጫ በመሐሉ የሚወርድ ጥቁር መስመር አለው፣ የኮኤሌስቲስ የለውም። እንስሳዋን መገልበጥ አይመከርም፤ ለመቃናት ደቂቃዎች ይፈጅባታል፣ ሞገድም ሊወስዳት ይችላል። የድንጋይ ጫፍ ወይም ክፍተት ስትሻገር ጠብቁና ትንሽ መስታወት ከሥር አስገብታችሁ ፎቶ አንሡ።

የቀንድ ቀለምም ወገንን ይለያል። የፊሊዲያ ቀንዶች ቢጫ ናቸው፣ የፊሊዲየላ ጥቁር ናቸው። ሮዝ ወይም አረንጓዴ ቀመስ የጉብታ ዘለላ፣ ጥቁር ቀንድ ካላት ፊሊዲየላ ነች። ከዚያ በታች፣ "ፑስቱሎሳ ናት" ለማለት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዚህ ስም የሚጠሩት እንስሳት በዘረ-መል ሲፈተሹ ከአንድ በላይ ዝርያ ሆነው ተገኝተዋል። ፊሊዲዮፕሲስ የምትባለው ሦስተኛዋ ወገን የምትታወቀው የአፍ ዳሰሻዎቿ እርስ በርስ የተጣበቁ በመሆናቸው ነው፤ ይህም የሚታየው ከሥር ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ፊሊዲዶች ሲጨነቁ የሚያወጡት ዝልግልግ ፈሳሽ በጣም መርዛማ ነው። ለጥናት ስትሰበስቡ ከሌላ እንስሳ ጋር በአንድ ዕቃ ውስጥ ካስቀመጣችሁ ሌላው ይሞታል። ለየብቻ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሯቸው።

ኔምብሮታ፣ ኤኦሊዶች፣ አስመሳዮች

ኔምብሮታ ኩባርያና እና ኔምብሮታ ክሪስታታ ጥቁር ናቸው፣ አረንጓዴ ጉብታም አላቸው። የኩባርያና የእግር ጠርዝና የአፍ አካባቢ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ነው፤ በክሪስታታ ላይ ይህ ቀለም የለም፣ ጥቁርና አረንጓዴ ብቻ። ጀርባዋን ብቻ ከላይ ካነሣችሁ የእግር ጠርዙ አይታይም፤ አንድ የጎን ፎቶ ሁሉን ይፈታል።

በኤኦሊዶች ላይ ቀለም ይበልጥ ያታልላል። የምግብ መፍጫ አካላቸው ቅርንጫፍ በየሴራታው ውስጥ ስለሚገባ፣ የበሉት ነገር ቀለም በቆዳቸው በኩል ይታያል። አንድ ዝርያ ሃይድሮይድ ከሚባሉት ተክል መሰል ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሁለት የተለያዩ ዓይነቶች ላይ ሲመገብ ሁለት ዝርያ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ቅርጽን ጻፉ፦ ሴራታዎቹ በነጠላ ረድፍ ናቸው ወይስ በዘለላ? የቀንዱ ገጽ ለስላሳ፣ ቀለበታማ፣ በእጥፋት የተሞላ ወይስ ጥቃቅን ጉብታ ያለበት? የእግሩ የፊት ማዕዘን ክብ ነው ወይስ እንደ ጣት የሾለ? በውኃ ላይ ተገልብጠው የሚንሳፈፉት ግላውከሶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው፦ ግላውከስ አትላንቲከስ ሴራታዋ በአንድ ረድፍ ይዘረጋል፣ ግላውከስ ማርጂናተስና የቅርብ ዘመዶቿ ግን በብዙ ረድፍ ተደራርቦ ይወጣል።

ቀንድ አውጣ ያልሆኑትንም አስቡ። ሱዶሴሮስ የሚባሉት ጠፍጣፋ ትሎች አንዳንዶቹ ኑዲብራንክን በቀለም ይኮርጃሉ። ትሉ እንደ ወረቀት ስስ ነው፣ ስንጥብ የለውም፣ "ቀንዱ"ም እውነተኛ ቀንድ ሳይሆን የፊት ጠርዙ እጥፋት ነው። ፒርሶኖቱሪያ ግራፌይ የተባለችው የባሕር ኪያር ደግሞ በልጅነቷ ፊሊዲያ ቫሪኮሳን ትመስላለች፤ በአፏ ዙሪያ ያሉት ዳሰሻዎችና ከሥሯ ያሉት ጥቃቅን ቱቦ መሰል እግሮች ያጋልጧታል።

የሚጠቅም ፎቶ

ቢያንስ አምስት ፎቶ ያስፈልጋል፦ ቀጥታ ከላይ፣ ከቀኝ ጎን (የመራቢያ ቀዳዳው በዚያ በኩል ነው)፣ ከፊት፣ የቀንዶቹ ቅርብ ምስል፣ የተከፈተ ስንጥብ። ከተቻለ የእግር ሥሩንም፣ የምትበላውንም ነገር ጨምሩ። ርዝመት የሚለካው ተዘርግታ ስትሄድ ነው፤ የተኮማተረች ግማሿን ልታክል ትችላለች። ማስመሪያ ከጎኗ አኑሩ እንጂ አትጫኗት።

ከጥቂት ሜትር ጥልቀት ጀምሮ ውኃው ቀዩን ብርሃን ይውጠዋል፤ ያለ ፍላሽ ወይም ባትሪ የተነሣ ብርቱካናማ ጠርዝ ቡናማ ወይም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። በተቃራኒው ፍላሹ ሲበዛ ነጩ ሁሉ ይቃጠላል፣ ጠባቡ ነጭ ጠርዝና ነጫጮቹ ነጥቦች ይጠፋሉ። አንዱን ፎቶ እንደ ልማዳችሁ፣ ሌላውን አንድ ስቶፕ አጨልማችሁ፣ ማለትም ብርሃኑን በግማሽ ቀንሳችሁ አንሡ። በኋላ በኮምፒውተር ቀለሙን ማድመቅ ሰማያዊውን ሐምራዊ ስለሚያደርገው፣ ለመለያ የሚያገለግለውን ፋይል ሳይነካ አስቀምጡት።

ስሙ ሲለወጥ፣ ቀለሙ ሲዋሽ

የቆየ መጽሐፍ የያዘ ሰው ጎኒዮብራንከስ የተባሉትን "ክሮሞዶሪስ" ተብለው ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 ጆንሰንና ጎስላይነር የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት የዘረ-መል ጥናት ወገኖቹ እንደገና ስለተከፋፈሉ ነው። ዝርያው አልተለወጠም፣ የወገን መዝገቡ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በክሮሞዶሪስ ላይ የወጣ ጥናት አንድ ዝርያ ከአንድ በላይ መልክ ሊይዝ፣ የተለያዩ ዝርያዎችም በአንድ አካባቢ ሲኖሩ አንድ መልክ ሊጋሩ እንደሚችሉ አሳየ። በዚያው ዓመት በሃይፕሰሎዶሪስ ላይ የወጣው ጥናት 17 አዳዲስ ዝርያዎችን ገለጸ። ከእነዚህ አንዷ ሃይፕሰሎዶሪስ ኢባ ሁለት የተለያየ ቀለም ያለው መልክ አላት፤ አንደኛው መልኳ ከሌላ ዝርያ፣ ከሃይፕሰሎዶሪስ ቡሎኪ ጋር ይመሳሰላል። ሁለቱ መልኮች ለመራባት ሲገናኙ በፎቶ መያዛቸው አንድ ዝርያ እንደሆኑ ፍንጭ ሰጠ፣ ዘረ-መሉም አረጋገጠው። ስለዚህ የተለያየ ቀለም ያላቸው ሁለት እንስሳት ለመራባት ሲገናኙ ካያችሁ ፎቶውን አትጣሉት።

ይህ ማለት የላይኞቹ ምልክቶች ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። ብዙዎቹን ጥንዶች ይለያሉ፤ ሦስት ምልክት ተስማምቶ አራተኛው ሲቃወም ግን የወገኑን ስም ጽፋችሁ የዝርያውን ቦታ ክፍት መተው ትክክለኛው መልስ ነው።

ናሙና ለመውሰድ ፈቃድ ያለው ሰው የሚከተለውን ያድርግ። በመጀመሪያ በሕይወት ሳለች ፎቶ ይነሣ፤ በአልኮል ውስጥ ቀለሙ ይጠፋል። ቀጥሎ 75 ግራም ማግኒዚየም ክሎራይድ (ውኃ አዘል ክሪስታሉ) በ1 ሊትር ጨው አልባ ውኃ ይሟሟ፤ ከዚህ ላይ ከባሕር ውኃ ጋር እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ እንስሳዋ ስትነካ መልስ እስክታቆም ትቆይበት። በቀጥታ አልኮል ውስጥ ከተጣለች ተኮማትራ ስንጥቧንና ቀንዷን ትሰበስባለች፣ ከዚያ በኋላ ማየት ከባድ ነው። ከእግሯ ጫፍ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ሥጋ ተቆርጦ በ95 በመቶ ኤታኖል ይቀመጥ። ፎርማሊን ዘረ-መሉን ስለሚሰባብረው ለዚህ አይሆንም። አብዛኛውን ጊዜ የሚነበበው ሲኦአይ የተባለው የማይቶኮንድሪያ ዘረ-መል 658 ፊደል ያህል ክፍል ነው፤ በቅርብ ጊዜ የተለያዩ ዝርያዎችን ብቻውን ላይለይ ስለሚችል ከሴል አስኳል ዘረ-መል ጋር ይነጻጸራል። ጥርሳም ምላሷን፣ ማለትም ራዱላዋን ለማየት የአፍ ጡንቻዋ በ10 በመቶ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይሟሟል፤ ፊሊዲዶች ግን ራዱላ ስለሌላቸው እዚያ መፈለግ አያስፈልግም። ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ቦታውና ጥልቀቱ በእርሳስ በወረቀት ተጽፎ ከናሙናው ጋር ብልቃጡ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይታጠባል፣ ከውጭ የተለጠፈም ይላቀቃል። ያው ቁጥር በፎቶዎቹ የፋይል ስም ላይ ካልተጻፈ በብልቃጡ ያለው ነጭ ሥጋ የየትኛዋ እንደነበር የሚያውቅ አይኖርም።